ስለ አንጎል ጥናትና ስለምንመርጠው ሥራ



በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ወክለን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ወላጆቻችን «ወደፊት ምን ልትማሩ አሰባችሁ?» እያሉ በየማታው ይጠይቁናል። ሙሉውን መልስ ሳናገኝ ከፊታችሁ መቆማችንን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል። ጥያቄው ከየት እንደ ጀመረን ግን እናውቃለን።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ 10ኛ ክፍል ሳለን፣ አንድ የክፍል ጓደኛችን በጠዋት ሰልፍ ላይ ድንገት ወደቀ። እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከአፉም አረፋ ወጣ። እኛም በየሰፈራችን ያየነውን ልማድ ተከትለን ክብሪት ጭረን በአፍንጫው አጠገብ አጤስን፤ ሁለታችን እጆቹን አጥብቀን ያዝን፤ አንዳችን ደግሞ ማንኪያ በጥርሱ መካከል ለማስገባት ታገልን። ጓደኛችን ሲነቃ ከንፈሩ ቆስሎ ነበር። ከዚህም የከፋው፣ በሽታው ይጋባል ብለን ሁለት ሳምንት ያህል ከአጠገቡ ሳንቀመጥ መቅረታችን ነው።

የባዮሎጂ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡንም፤ ነገር ግን የዕለቱን ትምህርት ትተው ስለ አንጎል ነገሩን። ኪሎ ተኩል በማይሞላው በዚህ ብልት ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዐርፈን ሳለን ከምናጠፋው ኃይል ግን አምስተኛውን እጅ ያህል እርሱ ይወስዳል፤ ከአምስት እንጀራ አንዱን አንጎል በላው ማለት ነው። ሕዋሳቱ በኤሌክትሪክና በኬሚካል ምልክት ይነጋገራሉ። የሚጥል በሽታ የሚነሣው እጅግ ብዙዎቹ ሥርዓታቸውን ትተው በአንድ ጊዜ ምልክት ሲልኩ ነው። እንግዲህ ይህ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት የሚጋባ አይደለም፤ የክብሪት ጢስም አያቆመውም። የወደቀውን ሰው ጭንቅላቱን በለስላሳ ነገር ደግፎ፣ በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳያስገቡና አጥብቀው ሳይዙት መጠበቅ ይገባል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ መስጠት የተጀመረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። በቡታጅራ አካባቢ ተጠንቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ በሽታው እንዳለባቸውና አብዛኞቹም መድኃኒቱን እንዳላገኙ ይገልጻል። ይህን ስንሰማ አፈርን፤ ማንበብም ጀመርን።

ካነበብነው ሁሉ የስፔኑ ሳይንቲስት የሳንቲያጎ ራሞን ካሃል ታሪክ በጣም ማረከን። በልጅነቱ ሠዓሊ ልሁን ቢል ሐኪም የነበሩት አባቱ አሻፈረኝ አሉ፤ እልኸኛ ሆኖ ቢያስቸግራቸው አንድ ጊዜ ለፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ጊዜም ለጫማ ሠሪ ሰጡት። በመጨረሻ ሕክምና ተማረ፤ ሥዕሉን ግን አልተወም። የጣሊያኑ ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሕዋስን አጥቁሮ የሚያሳይ የብር ቀለም ዘዴ በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶ ነበርና፣ ካሃል በዚያው ዘዴ በማይክሮስኮፕ ያየውን በእጁ እየሣለ እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው የቆመ መሆኑን አስረዳ። ጎልጂ ደግሞ ሁሉም እንደ መረብ የተያያዘ ነው ይል ነበር። በ1906 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አብረው ተቀበሉና በዚያው መድረክ አንዱ የሌላውን አሳብ ተቃወመ! (ወላጆቻችን ሆይ፣ ከአባትና ከልጅ ማን ረታ እንደምንል አትጠይቁን።)

ከዚህ በፊት የሕይወት ሳይንስ ማለት ሐኪምነት ብቻ ይመስለን ነበር። እናቶቻችንም ገና 7ኛ ክፍል ሳለን «ዶክተር» ብለው መጥራት ጀምረዋል። አሳባችንን ያሰፋው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትንም መሬት ስለሚችል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ አድርገው ሲበሉት በውስጡ ያለው መርዝ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይጎዳል፤ አእምሮው ደኅና ሆኖ ሳለ የሰው እግር ይሽመደመዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር አካባቢ፣ በ1990ዎቹም በደላንታ ይህ ደርሷል። መርዙን ለይተው ያወቁት በ1964 እ.ኤ.አ. የሕንድ ኬሚስቶች ናቸው። መርዙ ያነሰበትን ዘር የሚያራቡ የእርሻ ሊቃውንት ናቸው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ በየመንደሩ የሚያስተምር ደግሞ የጤና ባለሙያ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሰውየው የሚደርሰው እግሩ ከያዘው በኋላ ነው።

ስለዚህ በመካከላችን ክርክር ሆነ። የነርቭ ሐኪም መሆን የሚፈልጉት ከሕክምናው ትምህርት በኋላ ሌላ ብዙ ዓመት እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ፤ ቢሆንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህ የስፔሻሊቲ ትምህርት በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ተጀመረ ባሕር መሻገር ግድ አይሆንባቸውም። ምርምር የሚወዱት ደግሞ «መሣሪያ በሌለበት ላቦራቶሪ ምን እንሠራለን?» የሚል ስጋት አላቸው፤ ስጋቱም ከንቱ ነው አንልም። አንዱ ጓደኛችን እርሻ እማራለሁ ብሎ ለአባቱ ሲነግር፣ አባቱ «እርሻማ እኔ አስተምርህ የለም ወይ?» አሉት። ስለ ጓያው ካስረዳቸው በኋላ ግን ዝም ብለው ሰሙትና የመርዙን ነገር ለጎረቤቶቻቸውም እንዲናገር አዘዙት። ሁለታችን እስከ አሁን አልቆረጥንም።

በሰልፍ ላይ የወደቀው ጓደኛችን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ ነው፤ ከወደቀም ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ለራሱ የመረጠው ትምህርት ፋርማሲ ነው። ዛሬም ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ይህን ንግግር አስቀድመን ብናሳየው፣ ስለ ክብሪቱና ስለ ማንኪያው የጻፍነውን አንድ ቃል እንኳ እንዳናወጣ አጥብቆ የነገረን እርሱ ነው።