«ዕውቀት የአላህ ነው» ብለን የሰው ሐቅ እንዳንነካ



ስለ ሐቅ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ብድርን፣ ውርስንና የመሬት ወሰንን ነው። ዛሬ በእጅ ስለማይዳሰስ ሐቅ እንነጋገራለን። የሰው ነሺዳ በፍላሽ እያባዛ የሚሸጥ ወንድም ሲጠየቅ፣ «ዕውቀት የአላህ ነው፤ እኔም ዳዕዋ እያሰራጨሁ ነው» ይላል።

ሕጉ ግን ዕውቀቱን ለማንም አልሰጠም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት ሥራ ነው። ስለ ሶላት አፈጻጸም ማንም መጻፍ ይችላል። አንድ ዑስታዝ የደከመበትን መጽሐፍ ያለ ፈቃዱ አትሞ መሸጥ ግን አይቻልም። የቁርኣን ቃል የአላህ ነው፤ ሆኖም ተርጓሚው በትርጉሙ፣ ቃሪኡ በተቀዳው ድምፁ፣ ቀራጩም በቀረጻው ላይ መብት አላቸው። አንድ ነሺዳ ሲባዛም የሚነካው የግጥሙ ደራሲ፣ የሙንሺዱና የአሳታሚው ሐቅ ነው። «አላስመዘገቡትም» ማለትም አያዋጣም፤ የቅጂ መብት ያለ ምዝገባም ይጸናል።

ፓተንት ከዚህ ይለያል። አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ የአሠራር ዘዴ የፈለሰፈ ሰው አመልክቶ የሚያገኘው መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ዘመኑ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይታከላል። ባለቤቱም በምላሹ ፈጠራውን በግልጽ ዘርዝሮ ማስረዳት አለበት። ዘመኑ ሲያበቃ የሁሉም ይሆናል። እንግዲህ ዕውቀት ይደበቃል ብለው የሚሰጉ ወንድሞች ይህን ያስተውሉ! የዕቃን ቅርጽና መልክ የሚጠብቀው የኢንዱስትሪ ንድፍ መብትም በዚሁ አዋጅ ውስጥ ይገኛል።

የንግድ ምልክት ደግሞ ስምና መለያን ይጠብቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። አገራችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. አመልክታ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ቡናን ማንም ያመርታል፤ ክርክሩ በስሙ ላይ ነበር። ተራ ጫማ ላይ የታወቀ ስም ለጥፎ የሚሸጥ ነጋዴም የሚበድለው ሁለት ሰው ነው፤ የስሙን ባለቤትና ገዢውን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እርጥቡን እህል ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ ያሳየውን ነጋዴ መገሠጻቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

«ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚሉም አሉ። በእርግጥ የማይዳሰስ ነገር እንደ ንብረት ይቆጠራል ወይ በሚለው ላይ ዑለማዎች ተከራክረዋል። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በታኅሣሥ 1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ምልክት መብቶች በሸሪዓ የተከበሩ ገንዘብ ነክ መብቶች መሆናቸውንና መድፈራቸው እንደማይፈቀድ ወስኗል። እኛም ይህን እንይዛለን።

ደራሲው ሲሞትስ? የገንዘብ ጥቅሙ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ከእነርሱ መካከል የቲሞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አባዢው «ሼኹ በሕይወት ቢኖሩ ይፈቅዱልኝ ነበር» ብሎ የእነርሱን ገንዘብ መብላት አይችልም። ሥራውን በነጻ መስጠት የሚሻ ዓሊም ካለ፣ ለማን እንደፈቀደና ለሽያጭ ወይም ለማከፋፈል ብቻ መሆኑን በጽሑፍ፣ በምስክሮች ፊት ያስፍር።