ተጨማሪውን 22,000 ብር ምን ላይ እናውለው?

(በኅዳር 2018 ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በግዢ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ "ለቢሮው ላፕቶፕ ይገዛ፤ ሦስታችሁ ታይዋን ወርዳችሁ ዋጋ አጥንታችሁ ኑ" ብላችሁ ልካችሁን ነበር። ከሒሳብ ክፍል፣ ከቁጠባና ብድር ኮሚቴ፣ ከዜና መጽሔታችንም ዝግጅት አንድ አንድ ሰው ሆነን ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ሄደናል። ጠዋት የሄድንበትን ምክንያት የድሬ ሰው አይጠይቀንም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱም በርጫውም ስላለ በወጉ የሚያስረዳ ሻጭ አይገኝም።

"አንድ ላፕቶፕ ለመግዛት ይህ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው?" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር። ነገሩ ግን ካለፈው ዓመት ግንቦት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

ግንቦት ላይ የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። የ7 ወር የቁጠባ መዝገብ አብሮት ሄደ። ሌላ ቦታ ያስቀመጥነው ቅጂ አልነበረም። ይህን በማሽኑ አናላክክም፤ ጥፋቱ የእኛ የሒሳብ ክፍሉ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእያንዳንዳችሁን የቁጠባ ደብተር እየለመንን፣ ከደረሰኝ ጥራዝ ጋር እያስተያየን መዝገቡን እንደገና ጻፍነው። ቀፊራ አትክልት የምትሸጥ አንዲት እናታችን ግን ደብተሯ ጠፍቶባት ነበር። እሷ "3,600 ብር አለኝ" አለች። እኛ በደረሰኝ ያገኘነው 2,900 ብር ነው። ሥራ አስፈጻሚው ቃሏን አምኖ 3,600 ብሩን መዘገበላት። ይሁን እንጂ ከመወሰኑ በፊት ደጋግመን ጠይቀናት ነበርና "ገንዘቡስ ይቅር፤ እንደ ሌባ ስታዩኝ ነው የከፋኝ" አለችን። ይህን ቃል ይዘን ነው ታይዋን የወረድነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንድ ደጋፊያችን ለቢሮ መሣሪያ ብለው የሰጡን 70,000 ብር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን በዚህ ብር አዲስ ላፕቶፕ እናማርጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ያኔ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ያየነው ሁሉ ያገለገለ፣ ገበያው "ስላይትሊ ዩዝድ" የሚለውን ነው።

ከብዙ ሱቅ ዞረን ሦስት ማሽን ላይ ቆምን።

አንደኛው ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፤ ዋጋው 42,000 ብር። ሁለተኛው ኮር አይ7፣ እሱም 8ኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ 16፣ ማከማቻው 512 ኤስኤስዲ፤ ዋጋው 64,000 ብር። ሦስተኛው ደግሞ ኮር አይ7፣ ራሙ 16፣ ማከማቻው 512 ሆኖ 46,000 ብር ብቻ!

እውነቱን ለመናገር ሦስተኛውን ስናይ ልባችን ሄዶ ነበር። ሻጩም "አቦ እህቶቼ፣ አይ7 በዚህ ዋጋ የት ይገኛል?" አለን። ቀረብ ብለን ከሥር የተለጠፈውን ቁጥር ስናነብ ግን 6ኛ ጀነሬሽን ነው። ይህን ለራሳችሁም ለልጆቻችሁም ስትገዙ ያዙልን። አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር በ6 ከጀመረ 6ኛ፣ በ8 ከጀመረ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። በእነዚህ ቀጫጭን የቢሮ ላፕቶፖች ላይ የ6ኛው አይ7 ሁለት ኮር ሲኖረው የ8ኛው አይ5 አራት አለው። ከዚህም በላይ ዊንዶውስ 10 የነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል አይቀበልም። የ312 አባላት ቁጠባ የሚመዘገብበትን ማሽን የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ዊንዶውስ ላይ ማስቀመጥ አልፈለግንም። ሦስተኛው በዚህ ወደቀ።

የቀረው የአንደኛውና የሁለተኛው ክርክር ነው። ልዩነቱ 22,000 ብር ነው።

የሻጭ ቃል ብቻ ሰምተን ላለመመለስ የራሳችንን ፋይል በፍላሽ ይዘን ሄደናል። የአባላቱን የቁጠባና የብድር መዝገብ በኤክሴል ከፍተን በስልክ ሰዓት ለካን። አሮጌው ኮምፒውተራችን ይህን ለመክፈት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈልግ ነበር። ባለ 42,000ው በ6 ሴኮንድ፣ ባለ 64,000ው በ5 ሴኮንድ ከፈቱት። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ኤስኤስዲው ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለቱም ላይ አለ። የ8ኛ ጀነሬሽን አይ5ም አይ7ም በዚህ ዓይነት ላፕቶፕ አራት አራት ኮር አላቸው፤ በፍጥነት ትንሽ ቢበላለጡም ለኤክሴልና ለፒችትሪ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅም።

ከዚያ የዜና መጽሔቱን ገጽ ከነፎቶዎቹ ከፍተን፣ ኢንተርኔቱንም ብዙ ገጽ አድርገን አብረን አሠራናቸው። እዚህ ላይ ባለ 16 ራሙ በግልጽ በለጠ፤ ባለ 8ቱ ትንሽ ያዝ ያዝ ያደርግ ነበር። መጽሔቱን የምታዘጋጀው እህታችን ሁለተኛውን እንድንገዛ የተከራከረችው በዚህ ነው። "እናንተ በወር አንዴ ሪፖርት ታወጣላችሁ፤ እኔ ግን ለሊቱን በፎቶ አሳልፋለሁ። ደጋፊ የሚያየን በዚህ መጽሔት ነው" አለች። ክርክሯ እውነት ስላለው ልናልፈው አልቻልንም።

ሻጩም የሒሳብ ሰው እንደሆንን ሲያውቅ በሒሳብ መጣብን። "22,000ን ለ4 ዓመት አካፍይው፤ በቀን 15 ብር ናት። 15 ብር ምን አላት?" አለ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን እኛ 15 ብሩን በየቀኑ አንከፍልም፤ 22,000ውን ዛሬ ነው የምናወጣው። ስለዚህ ያው 22,000 በእኛ ቤት ሌላ ሥራ ቢሰጠው ምን ይሠራል ብለን ጠየቅን።

የብድር ኮሚቴያችን መዝገብ ላይ ተራ የሚጠብቁ እህቶች አሉ። አንዷ ጋጋሪ ናት፤ ለጤፍና ለምጣድ ነው የምትፈልገው። ሌላዋ ልብስ ሰፊ ናት። እያንዳንዳቸው የጠየቁት 11,000 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 22,000 ይሆናል። ብድራችን በ6 ወር ይመለሳል። ያ ገንዘብ ሳይቋረጥ ቢመላለስ ሻጩ በጠራቸው በእነዚያው 4 ዓመታት ውስጥ 8 ዙር ይዞራል፤ 16 ጊዜ ለአንዲት ሴት መነሻ ይሆናል ማለት ነው። ሁሉም በቀኑ ይመለሳል ብለን ዋስ አንሆንም፤ የሚዘገይ ይኖራል። ግማሹ ዙር እንኳ ቢሳካ 8 ሴት ነች።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ገንዘቡ ለቢሮ መሣሪያ ተብሎ የተሰጠ ነው። ተረፈ ብለን ወደ ብድር ፈንድ ልናዞረው አንችልም። የደጋፊ ገንዘብ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ይውላል፤ ይህን ካፈረስን ነገ የሚያምነን የለም። "የተሰጠን ለዕቃ ነው፤ ስለዚህ ውዱን እንግዛና እንጨርሰው" የሚል ሐሳብም በመካከላችን ተነስቶ ነበር። ገንዘቡ ስላለ ብቻ መጨረስ ግን ቁጠባ ለሚያስተምር ማኅበር አይመጥንም። የሲቪክ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ለቢሮ የምናወጣው እያንዳንዱ ብር እዚያ ስሌት ውስጥ እንደሚገባ አንርሳ።

ስለዚህ ኮሚቴው ተወያይቶ የሚከተለውን ለጉባኤው ያቀርባል።

አንደኛ፣ ባለ 42,000 ብሩ ይገዛ። የመረጥነው ማሽን ለተጨማሪ ራም ክፍት ቦታ እንዳለው አስከፍተን አይተናል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ኋላ መጨመር አይቻልም፤ ያ ቢሆን ኖሮ ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር። መጽሔቱ በሚቀጥሉት ሁለት እትሞች በእርግጥ ከተቸገረ 8 ጊጋባይት ይጨመርለት። ዛሬ የተጠየቅነው ዋጋ 4,500 ብር ነው፤ ይህም ከቢሮው መደበኛ በጀት የሚሸፈን ነው። እህታችንም በዚህ ተስማምታለች።

ሁለተኛ፣ 5,500 ብር አውጥተን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እንግዛ። ዘወትር ዓርብ የመዝገቡ ቅጂ ይወሰድበት፤ ዲስኩም ቢሮ ሳይሆን ሰብሳቢያችን ቤት ይደር። ግንቦት ላይ ያጣነው ይህን ነው። 64,000 ብር የሚያወጣው ማሽን ቢኖረን እንኳ ቅጂ ባለመያዛችን ያችን እናት እናስለቅሳት ነበር።

ሦስተኛ፣ ግዢው በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይሁን። "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንሳለን" ያለንም ነበር። የቀነሰልንን ያህል ኦዲተር ፊት የምንቆምበት ወረቀት ይቀንሳል። የጠቀስናቸው ዋጋዎች 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ የጨመሩ ናቸው። ከመክፈላችንም በፊት የባትሪውን ሁኔታ እናያለን። አዲስ በነበረበት ጊዜ ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከአይ7 ይልቅ ደህና ባትሪ ይጠቅመናል።

አራተኛ፣ ሁለቱ ተደምረው 47,500 ብር ይሆናሉ፤ ከ70,000ው 22,500 ብር ይተርፋል። ከዚህ ላይ 22,000ው ወደ ብድር ፈንድ እንዲዛወር ለደጋፊያችን ደብዳቤ እንጻፍ። ከፈቀዱ ሁለቱ እህቶች በሚቀጥለው ወር ይበደራሉ። ካልፈቀዱ ገንዘቡን ለተሰጠበት ዓላማ በባንክ እናቆየዋለን ወይም እንመልሳለን። በዚያም ቢሆን በመካከላችን ቅሬታ አይኖርም።

ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ አንሶን "ያኔ ውዱን ብንገዛ ኖሮ" ትሉን ይሆናል። ያን ጊዜ ይህን ጽሑፍ አውጥታችሁ ጠይቁን፤ ያሰብነውን ሁሉ ቁጥሩን ሳንደብቅ እዚህ አስቀምጠነዋል።

በመጨረሻ፣ ያችን የቀፊራ እናታችንን በስማችሁ ይቅርታ ጠይቀናታል። ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ ድምፅ ስንሰጥ እጇን እንደምታወጣም ነግራናለች። ውሳኔው የጉባኤው ነው።