ሳይንስ ምንድን ነው? ከይፋት ቆላ ንዳድ የምንማረው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 

ሳይንስ ሲባል ብዙዎቻችን ሮኬት፣ ኮምፒውተር ወይም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ይታየናል። እነዚህ ግን የሳይንስ ፍሬዎች እንጂ ሳይንስ ራሱ አይደሉም። ሳይንስ አላህ በፈጠረው ዓለም ውስጥ ያለውን ነገር በማየት፣ በመጠየቅ፣ በመሞከርና በመለካት የማወቅ መንገድ ነው። ይህንን መንገድ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ተነስተን እንመልከተው።

ንዳድን የማያውቅ የይፋት ሰው የለም። ክረምቱ ወጥቶ ሮቢ ወንዝ ሲጎድል፣ ውኃው በየጎድጓዳው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በየቤቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠፋም። የደጋ ሰው ለገበያ ሲወርድ «ቆላ እንዳታድር» ተብሎ የሚመከረው ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «የበቆሎ እሸት አታብዙ፣ አገዳውንም አትምጠጡ፣ ንዳድ ያመጣል» ይሉን ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ገብተን ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ከተማርን በኋላ በዚህ ንግግራቸው እንስቅ ነበር። አያቴም ሆኑ እኛ የቱ ላይ እንደተሳሳትን ቀጥሎ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ፣ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ በምን ታወቀ? ድሮ በአውሮፓም ሰዎች በሽታው ከረግረግ ከሚነሳ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ መጥፎ አየር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አልጄሪያ ውስጥ በታማሚ ደም ላይ ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ አየ። ይሁን እንጂ ተውሳኩ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር አልታወቀም ነበር።

ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሮናልድ ሮስ «ትንኝ ትሆን?» የሚለውን መላ ምት ያዘ። በመላ ምቱ ብቻ ግን አልረካም። ትንኞቹን ከእጭ ጀምሮ ራሱ አሳደጋቸው፤ ምክንያቱም ቀድመው ሌላ ሰው እንዳልነከሱ እርግጠኛ መሆን ነበረበት። ከዚያ ሑሴን ኻን የተባለ የወባ ታማሚ እንዲነክሱት አደረገና ለያንዳንዷ ትንኝ አንድ አና ከፈለው። ነሐሴ ወር 1897 (እ.ኤ.አ.) ከእነዚያ ትንኞች የአንዷን ጨጓራ ከፍቶ ሲመረምር ተውሳኩን እያደገ አገኘው። በቀጣዩ ዓመት እሱ በወፎች ወባ፣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ደግሞ በሰው ወባ ላይ ቀሪውን የመተላለፊያ መንገድ አሳዩ።

ውድ አድማጮች፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። አንደኛ ማየት፣ ሁለተኛ መጠየቅ፣ ሦስተኛ መላ መምታት፣ አራተኛ መላ ምቱ ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱን ሊያጋልጥ በሚችል ሙከራ መፈተን፣ አምስተኛ ሌሎች ደግመው እንዲያረጋግጡት ይፋ ማድረግ ነው።

ይህ መንገድ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ965 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃን ሲመራመር፣ ታላላቆች ብለውታልና እውነት ነው ብሎ አልተቀበለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃንን በቀዳዳ እያስገባ ሞከረ፤ የምናየው ብርሃን ከዓይናችን ስለሚወጣ ሳይሆን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን አስረዳ። በበጥሊሞስ ሥራ ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎችም ራሱን በቻለ መጽሐፍ ጻፈ።

አሁን ወደ አያቴ በቆሎ እንመለስ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የማነ የእብዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከበቆሎው ጫፍ የሚረግፈው የአበባ ብናኝ በአጠገቡ ባለ ኩሬ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጮች እንደሚመገቡት አሳዩ። ያንን የበሉ እጮች ቶሎ ያድጋሉ፣ የሚወጡት ትንኞችም ትልልቅ ናቸው። ጎጃም ውስጥ በቡሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ በተደረገና በ2005 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ታማሚ ቁጥር አነስተኛ በቆሎ ካላቸው ቦታዎች ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ አያቴ ያዩት ነገር ነበር። የበቆሎው ወቅትና የንዳዱ ወቅት አብረው እንደሚመጡ በዓይናቸው አይተዋል። የተሳሳቱት በምክንያቱ ነው፤ ጥፋቱ እሸቱን ከመብላት አልነበረም። እኛ ደግሞ ምክንያቱ ስህተት ስለሆነ ምልከታውንም አብረን ጣልነው። የእኛ ስህተት የባሰ ነበር፤ እሳቸው ቢያንስ አይተዋል፣ እኛ ግን ሳንመረምር ስቀናል። ይህ ማለት ግን የቡሬው ቁጥር እንዳለ ለሸዋ ሮቢት ይሠራል ማለት አይደለም። ማሽላ፣ ማሾና መስኖ ባለበት በእኛ ቆላ እንዲህ ነው ለማለት እዚሁ መለካት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች «ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ይለውጣል፣ እንዴት እንመነው?» ይላሉ። መለወጡ ጥንካሬው ነው። የወባ ትንኝ የገጠር ናት እየተባለ ሲነገር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ከእስያ የመጣች ሌላ ዓይነት ትንኝ ተገኘች። ይህች በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ በተነሳው ወረርሽኝ ድርሻ እንደነበራት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ታዲያ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ «ድሮ ያልነው ይበቃል» የሚል ሰው በርሜሉን ሳይከድን ልጁን ያሳምማል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው «ከአላህ የመጣ ነው፣ ይተወዋል» ብሎ ቀን መቁጠር ተወኩል አይደለም። በሽታውም ፈውሱም በአላህ እጅ መሆኑን የሚያምን ሰው፣ አላህ ያደረገውን ሰበብ ይይዛል። ትኩሳቱ በጀመረበት ቀን ጤና ኬላ ይወስደዋል፣ ደሙን ያስመረምራል፣ የታዘዘውን መድኃኒት ልጁ ቢሻለውም እስከ መጨረሻው ይሰጠዋል። አጎበሩን እህል መቋጠሪያ ሳያደርግ ከሥሩ ያስተኛዋል።

ልጆቻችሁ «ለምን?» ብለው ሲጠይቁም አትቆጧቸው። መልሱን ባታውቁት «አላውቀውም፣ አብረን እንየው» በሏቸው። ዒልም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሽማግሌዎቻችሁንም አትናቁ፤ ያዩትን ጠይቋቸው፣ ከዚያ መርምሩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፣ ቆላችንንም ከንዳድ ይጠብቅልን።