በረመዳን ጾምና የጓሮ ሥራ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን በረመዳን ወር እየጾምን የጓሮ አትክልታችንንና የፍራፍሬ ችግኞቻችንን ስንንከባከብ አካላችንን እንዴት መጠበቅ እንዳለብን የሚመለከት ነው። በሬዲዮ ያልሰማችሁት እንድታነቡት፣ ያነበባችሁትም ለጎረቤት እንድታነቡለት በዚህ ወረቀት ታትሟል።

በመጀመሪያ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የረመዳን ቀን አንድ አባወራ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ለፓፓያ ችግኝ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ራሴን አዞረኝ ብለው ቢናገሩም «ጾማቸውን አናስፈርስባቸው» በማለት ውሃ ያቀረበላቸው ሰው አልነበረም። ጥቂት ቆይተው ወደቁ። ስደርስ ቆዳቸው ይፋጅ ነበር፣ ንግግራቸውም ተዘባርቆ ነበር። በውሃ አቀዝቅዘን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። በኋላ ሲናገሩ «ችግኙ እንዳይደርቅብኝ ብዬ ነው» አሉ። ችግኝ ቢደርቅ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

ለምን በዚህ ጊዜ ይከብዳል?

ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. የገባው በየካቲት ወር ነበር። በሞያሌ ይህ ወቅት የረዥሙ በጋ ማለቂያ ነው፤ ቦረናዎች «ገና» የሚሉት ትልቁ ዝናብ በመጋቢት ካልጀመረ በስተቀር ለአትክልቱ ሁሉ ውሃ የምናመጣው በጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። በሌላ በኩል ከፈጅር እስከ መግሪብ ከ13 ሰዓት በላይ ውሃ አንጠጣም። በፀሐይ የሚሠራ ሰው ላብ ሲወጣው ከውሃው ጋር ጨውም ይወጣል። ያንን መተካት የማይቻለው ጾመኛ ከሆንን፣ ማድረግ ያለብን ላቡን መቀነስ ነው።

ሥራውን በሰዓት መክፈል

1. ከባዱን ሥራ፣ ማለትም ውሃ መቅዳትን፣ ቁፋሮንና ፍግ ማመላለስን፣ ከተቻለ ከመግሪብ በኋላ ወይም ከሱሁር በፊት ሥሩ። ሌሊት ወደ ውሃ ቦታ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ።
2. ቀላሉን ሥራ፣ እንደ አረምና ቅጠል መልቀም፣ በማለዳ ወይም ከአስር ሶላት በኋላ አድርጉት።
3. ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከፀሐይ ራቁ፤ በዙህር ጊዜ በጥላ ሥር ትንሽ ተኙ።
4. አዲስ ጉድጓድ መቆፈርንና ችግኝ መትከልን ለዒድ ማግሥት አቆዩት። ያን ጊዜ ዝናቡም ያግዛል።
5. ፀረ ተባይ መድኃኒት በጾም ሰዓት አትርጩ። ከጓሮ ስትመለሱም ከማፍጠራችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ውሃ የሚቆጥብ ጓሮ

አነስተኛ ውሃ የሚፈልግ ጓሮ አነስተኛ ጉልበት ይጠይቃል። በቲማቲሙና በሱኩማው ሥር ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙ፤ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። በጆንያ የሚተከለው አትክልት በቤት ደጃፍ ስለሚሆን ውሃ ሩቅ አታመላልሱም። ለፓፓያና ለማንጎ ችግኝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ከሥሩ አጠገብ ዘቅዝቃችሁ ብትተክሉት ቀስ እያለ ያጠጣል። አትክልት የታጠበበትን ውሃም አትድፉ፤ ለጓሮው ይሆናል።

ሱሁርና ኢፍጧር

ሱሁርን አትዝለሉ። ገንፎ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል ወይም ወተት ቶሎ አያስርብም። በጣም ጨው የበዛበት ምግብ ግን ቀን ያስጠማል። ስታፈጥሩ በቴምርና በውሃ ጀምሩ፣ ከዚያ ሾርባ ይከተል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ከመጋት ይልቅ ከመግሪብ እስከ ሱሁር እያከፋፈላችሁ ጠጡ። ሻይና ቡና አይብዛ። ጫት እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ስለሚነሣ፣ ሌሊቱን ቅሞ ያደረ ሰው ሳይበላና ሳይተኛ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ሽንታችሁ ብርቱካናማ ወይም ቡና ዓይነት ከሆነ ውሃ አንሷችኋልና የነገውን ሥራ ቀንሱ።

ከመጾማቸው በፊት መመካከር ያለባቸው

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ሕመምተኞች፣ በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ወር ከመግባቱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሰዓቱንም አትቀይሩ። የስኳር ሕመምተኛ በጾም ላይ ሳለ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ወይም ስኳሩ ከ70 በታች ቢወርድ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት። ለምርመራ ጣት መወጋት ጾም አያፈርስም ብለው ሊቃውንት ያስተምራሉ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 184 እና 185 ለሕመምተኛና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ስለ ራሳችሁ ጉዳይ ሸይኻችሁንም የጤና ሠራተኛውንም ጠይቁ።

አንድ ሰው ቢወድቅ

ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ሲመጣ ሥራውን አቁሙ። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ውሃ ወይም ኦ.አር.ኤስ. ስጡት፤ 1 ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በጥብጡ። ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ልብሱን አላልታችሁ፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁና እያራገባችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴን የጾሙት ከረመዳን ጋር በአንድ ሰሞን ነበር፤ ይህ ምክር ለእነርሱም ይጠቅማል። ወጣቶች ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች በየምሽቱ አንድ ጀሪካን ብትቀዱላቸው ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ፤ በጤና ያገናኘን።