ከስም ጥሪ በፊት

የፕሮቶኮሉን ሰላምታ ልለፈው። በሐምሌ ጭቃ ከመንዝና ከጣርማበር የመጣ ወላጅ ተቀምጦ የሹመኛ ስም ዝርዝር ሲሰማ ማየት አልወድም። እናንተም ተመራቂዎች ብትሆኑ፣ ጋዋን የደብረ ብርሃንን ብርድ እንደማይመክት አውቃለሁ።

ልጆቼ፣ ቅድም በር ላይ ቆማችሁ ስለ ምደባ ስታወሩ ጆሮዬ ገባ። አንዱ መብራት አለ ወይ ይላል፤ ሌላዋ ኔትወርክ ይይዛል ወይ ትላለች። አንዱማ ገና ሳይመደብ ዝውውር የሚጠየቀው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ያጣራ ነበር! አልፈርድባችሁም፤ ወጣት ናችሁ። ግን በምሄድበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ስንት አለ ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

የዚሁ አገር ልጅ የነበሩትን አስፋው የምሩን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ቡልጋ ተወልደው፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ ገብተው ጎዳና ላይ ያደሩ ሰው ናቸው። ኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ሆኑ። ከተማሪው ማዕድ የተረፈውን እየሰበሰቡ እንደ እሳቸው ጎዳና ላይ ላደሩ ልጆች ያበሉ ነበር። በ14 ዓመታቸው እነዚያን ልጆች ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት የተወለደው እንዲህ ነው፤ የድሃ ልጅ ያለ ክፍያ የሚማርበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ልጆች ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። እኔን የሚደንቀኝ ሽልማቱ አይደለም። አስፋው ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ያወቁት ትምህርት ቤት ሳይኖራቸው በፊት ነው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነን። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ቆርቆሮው ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፤ ልጆቹ የት እንዳሉ ግን የሚጠይቅ የለም።

አሁን አካቶ ትምህርት የሚባል ነገር አለ፤ ተምራችሁታል፣ ተፈትናችሁበታል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስትራቴጂውም ወጥቷል። ወረቀቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ልጅ ከዓይናማው ጎን ተቀምጦ ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ ይይዝ ነበር፤ አድጎም የኔታ ተብሎ ጉባኤ ይዘረጋል። ለእሱ ተብሎ የተለየ በጀት አልተያዘም። ለሴት ልጅ ግን ያው ጉባኤ ብዙም በሩን አልከፈተም፤ ስለዚህ ናፍቆቱን በልክ እናድርገው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ጭጋጉ ረፋድ ላይ እንኳ የማይገለጥበት ቀበሌ ተመደብኩ። ስሙን ልተወው፤ ሰዎቹ አሉ። ትምህርት ቤቱን ሕዝቡ በደቦ ነው የሠራው፤ ድንጋዩን በትከሻ፣ አሸዋውን በአህያ አጓጉዞ፣ ባሕር ዛፉን ከየጓሮው ቆርጦ። ምዝገባ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ መዝገብ አስታቅፈው ቤት ለቤት ሰደዱኝ።

አንድ ቤት ገባሁ። እማወራዋ ቆሎ አቀረቡልኝ። «እመይቴ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» አልኳቸው። «ሦስት» አሉኝ፤ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ዓይኔ ወለሉ ላይ አረፈ። በእበት ከተለቀለቀው መሬት ላይ፣ ከጓዳው እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ በሩ፣ አንድ ክንድ የሚሆን መስመር ልሙጥ ብሎ ያብረቀርቃል። ሰው በእግሩ ቢመላለስበት ይፈረፈራል እንጂ እንዲያ አይለሰልስም። ዝም ብዬ ሳየው እሳቸውም እኔን አዩኝ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ሰው ሳለ።

«መንግሥት የጠየቀው ለትምህርት የሚሆን ልጅ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ይህን ሲሉ እንደ መዋሸት አልነበረም፤ እውነትም የመሰላቸውን ነው የነገሩኝ። ልጅቷ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ከጓዳ ምድጃ የምትሄደው በመቀመጫዋ እየተጎተተች ነበር። ከወንድሟ ደብተር ለቃቅማ ፊደሉን እስከ ሰ ደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ያልሄደችው ወንድሟም ስላልያዘው ነው።

ሰኞ ወንድሟ አዝሏት መጣ። የክፍሉ በር ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለው፤ አናጢው ክራንች ጠርቦ ቢሰጣትም ደረጃው አላስወጣ አላት። ወንድምየው የጥበቃ ተራው ደርሶ ከብት ይዞ የወጣ ቀን እሷም ትቀራለች። ወላጆችን ሰበሰብንና ከደረጃው ጎን ተዳፋት ይሠራ አልን። «ለአንዲት ልጅ?» ያለ ነበር። የባሰው ክርክር ግን ስለ ቀኑ ነው። ሰው ሁሉ ከእርሻ የሚያርፈው በሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ድንጋይ መሸከም ይገባል አይገባም? ግማሹ ጉባኤ ወደ ጭቅጭቅ ሲያመራ ቄሱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና፣ «ኃጢአት ካለበት በእኔ ይሁን፤ ተነሱ» ብለው ቀድመው ወረዱ። በአንድ ከሰዓት አለቀ። አንድ እንከን ብቻ ተገኘበት፤ ከልጅቷ በፊት ተዳፋቱን የለመዱት በጎች ናቸው። ማባዛት እያስተማርኩ አንድ ሙክት ሰተት ብሎ ገብቶ ሰሌዳው ሥር ሲቆም የክፍሉን ሥርዓት ለመመለስ የፈጀብኝን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሚያውቁኝ ሰዎች አሁን «ሽማግሌው ቤት ቆጠራውን ጀመረ» እያሉ ነው። አዎ፣ ጀምሬያለሁ። ዲፕሎማችሁን ስትቀበሉ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፤ ስም መዝገብ የሚያውቀው የመጣውን ልጅ ብቻ ነው። ያልመጣው ልጅ ስም ስለሌለው ቀሪ እንኳ አይባልም። በደመወዝ የተቀጠረ እረኛ የአሠሪው ልጅ ስላልሆነ አይቆጠርም፤ ወላጆቹም ቤት ስለሌለ እዚያም አይቆጠርም። አክስቷ ዘንድ ለሥራ የተላከች ልጅ ሁለቱም ቤት «እዚያ ናት» ይባልላታል። መስማት የተሳነውን «ትንሽ ይዘገያል» ይሉታል። እንጀራ ልጅም አለ። እነዚህን ቢሮ ተቀምጦ ያገኘ ሱፐርቫይዘር አላየሁም፤ በመኪና መጥቶ በመኪና የተመለሰማ ጨርሶ።

ደግሞ ወቅቱን እወቁ። አንኮበርና ጣርማበር ደጋው በልግ አብቃይ ነው። የበልግ ገብስ ሲደርስ ልጁ ከክፍል ይጠፋል፤ መዝገቡ «አቋረጠ» ብሎ ይዘጋዋል። ልጁ እኮ ገብስ እያጨደ ነው! ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተቀምጣችሁ፣ እነዚያን ሳምንታት በፈረቃም ሆነ በማካካሻ አስተካክሉለት። ትንሽ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው የሚጠይቀው፤ ሰበብ አታብዙ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የምትመደቡም ሥራው ቀለለን እንዳትሉ። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው እዚህ ከተማ የተጠለሉ ቤተሰቦች አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዞናችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘረፈና እንደወደመ ወላጆቻችሁ ያውቃሉ። ዛሬም በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በግጭት ምክንያት ከትምህርት ውጭ ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ለምረቃ ቀን ከባድ ነውና ልተወው። ብቻ፣ የተፈናቀለ ልጅ መሸኛና ሰርተፊኬት አልያዘም ተብሎ ከበር እንዳይመለስ። ሰርተፊኬቱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። አስቀምጡት፣ አስነብቡት፣ ክፍሉን በችሎታው መድቡት፤ ወረቀቱ ይደርሳል።

ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ፤ የሠላሳ ምናምን ዓመት የመምህርነት ልማድ ነው። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አሳድጋችሁ፣ ለዚህ ለማብቃት በግና ጥማድ በሬ የሸጣችሁ፣ እጅ እነሣለሁ። ተመራቂዎች፣ በናንተም ደስ ብሎኛል፤ ቅድም በር ላይ ስታወሩ ብሰማም ደስ ብሎኛል።

ምዝገባ ነሐሴ መጨረሻ ነው። ወደ ምድብ ቦታችሁ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ድረሱ። ቦቲ ጫማ ያዙ፤ ሸራ ጫማ የአንኮበርን ጭቃ አያልፍም። ጓሮ ለጓሮ አቋርጣችሁ ሳይሆን በዋናው በር ግቡ፣ ደጅ ላይ ቆማችሁ ተጣሩ፣ በትር አትርሱ፤ የመንዝ ውሻ ዲፕሎማ አያይም። ቆሎ ካቀረቡላችሁ እምቢ አትበሉ፤ ተቀምጣችሁ ቆርጥሙ፣ ወለሉንም እዩ። እንኳን ደስ አላችሁ።