ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ መዋል



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ሠራተኛ ከቤቱ ወደ ሥራው የሚያደርገውን ጉዞ የሚመለከት ነው። እኔም ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ ከሚውሉት አንዱ ስለሆንሁ፣ ሩቅ ሳልሄድ ስለዚያችው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እናገራለሁ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዶሮ መዝለያ በኩል ጠዋት የወረደ ሠራተኛ፣ ማታ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። እንግዲህ በሙያችን እናስላው። 1100 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና አንድ ሰው ብቻ ጭኖ ይህን ዳገት ሲወጣ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 7 ሚሊዮን ጁል ያህል ይፈጃል። ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ሩቡን ለጎማ ያደርሳል ብንል፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቤንዚን መሆኑ ነው። ከዚህ የሰውዬው ድርሻ ከመቶ 6 እጅ ነው፤ የቀረው ብረት ለማውጣት የጠፋ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ያ በብር የተገዛ ከፍታ በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይበናል። (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል፤ ይሁንና የመኪናው መግዣ ለስንቱ ደመወዝተኛ ይቀመሳል?) 10 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 50 ሰው ቢጭን ግን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚነሣው ክብደት በቤት መኪናው ከሚነሣው ሩብ እንኳ አይሞላም።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። ባለ መኪናው ደመወዙን ለማግኘት ሲል ከደመወዙ ይከፍላል። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹም ደሴ ስለሆኑ ቤቱን ነቅሎ ኮምቦልቻ ለመውረድ አይቻለውም፤ መኪናውን ይሽጥ ቢባልም ሰዓቱን በሚኒባስ ወረፋ እጅ መስጠት ይሆንበታል። ከእርሱ ይልቅ የምታሳዝነኝ የማታ ፈረቃ ጨርሳ ከበር የምትወጣው ሠራተኛ ናት። የድርጅቷ ሰርቪስ ከሌለ፣ የሥራ ምርጫዋ የመጨረሻው ታክሲ በሚነሣበት ሰዓት ይወሰናል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማይቱ የፋብሪካ በር በዝቷል። እኛ መሐንዲሶች ለአንድ ፋብሪካ ፕላን ስናወጣ ትራንስፎርመሩን፣ የውኃውን መሥመር፣ የፍሳሹን መውረጃ፣ የከባድ መኪናውን መዞሪያ ሳይቀር በልኩ እንነድፋለን። ሠራተኛው በምን ይመጣል የሚለው ግን ለአስተዳደር ክፍል ይተዋል፤ አስተዳደሩም ለሠራተኛው ይተወዋል። ይህ አሠራር ተገቢ መስሎ አይታየኝም። አንድ መቶ ሠራተኛ ከደሴ እንደሚመጣ የሚታወቅ ከሆነ፣ የአውቶቡሱ መቆሚያና የፈረቃው ሰዓት ከትራንስፎርመሩ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ለመነሻ የምጠይቀው አነስተኛ ነገር ነው። ሁለት አጎራባች ፋብሪካዎች የፈረቃ መግቢያቸውን በሁለት ሰዓት ቢያራርቁ፣ አንዱን ወገን አድርሶ የተመለሰ አውቶቡስ ሁለተኛውን ለማውረድ ጊዜ ይኖረዋል። የሰዓቱን ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ የሆኑ ባልደረቦች ከስብሰባው በኋላ ቢያነጋግሩኝ፣ ሥራውን በዚህ ሳምንት ልንጀምር እንችላለን።