መጀመሪያ የተሸነፈችው ወዴት ትሂድ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር)



ስለ ዳርት ውድድራችን እንድናገር ስጠየቅ "እኔ መወርወር እንጂ መናገር አልችልም" ብዬ ነበር። አልተዉኝም። እንግዲህ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ እዚሁ አቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። የፋብሪካ ሰው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ያለው እግር ኳስ ብቻ አይደለም። ዳማ አለ፣ ገበጣ አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ፣ ዳርትም አለ። እኔ ኳስ ልደግፍ ሄጄ ዳርት ወርዋሪ ሆኜ ተመለስኩ። ጡረታ ስወጣም ፍቅሩ አልለቀቀኝም።

ማኅበራችን በአራት የራስ አገዝ ቡድኖች የተዋቀረ ነው። እያንዳንዱ ቡድን በየራሱ ቀን ይሰበሰባል፣ በየራሱ ደብተር ይቆጥባል። በዓመት አንዴ ካልሆነ አንገናኝም። የማይተዋወቅ ሰው ደግሞ አይተማመንም፤ አንዱ ቡድን ለሌላው ያበድር ሲባል ስንቴ እንደተከራከርን ታውቃላችሁ። ስለዚህ "እስቲ አንድ እሑድ አብረን እንጫወት" አልኩ።

ሁለት ተቃውሞ መጣብኝ። አንደኛው "ይሄ የመጠጥ ቤት ጨዋታ አይደለም ወይ?" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ መጠጥ ቤት ይሰቀላል። እኛ ግን የሰቀልነው በወጣት ማዕከል አዳራሽ ነው፤ ከአጠገቡም ቡና እየተፈላ። ሁለተኛው "የወንድ ጨዋታ ነው" የሚል ነበር። ለዚህ የመለሰችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ለንደን፣ አሌክሳንድራ ፓላስ በተካሄደው የፕሮፌሽናሎች የዓለም ሻምፒዮና ፋሎን ሸሮክ የምትባል እንግሊዛዊት ሁለት ወንዶችን በተከታታይ አሸነፈች። በዚያ ውድድር ጨዋታ ለማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዳርት ጉልበት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የረጋ እጅ፣ የሰከነ ዓይንና መቀነስ የሚችል ጭንቅላት ነው። ይህ ደግሞ በየቀኑ ገበያ የምትወጣ ሴት ሁሉ አላት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጀመሪያውን ውድድር ያዘጋጀሁት ፋብሪካ እንደለመድኩት ነበር፤ ያሸነፈች ታልፋለች፣ የተሸነፈች ትወጣለች። ከየቡድኑ አራት አራት ሆነው 16 ሴቶች ተመዘገቡ። በዚህ አሠራር 15 ጨዋታ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ስምንቱ እንደሚወጡ ግን ልብ አላልኩም። ልጅ አዝለው፣ የቤቱን ሥራ በሌሊት ጨርሰው፣ አንዳንዶቹም ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ የመጡ ሴቶች አንድ ጨዋታ ተጫውተው አበቁ።

ከስምንቱ አንዷን ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። በዚያ ዓመት ባለቤቷ ታሞ ቁጠባዋ ተቋረጠ፣ ብድሯም ተጠራቀመባት። ከሐፍረት የተነሳ የረቡዕ ስብሰባችንን ትታ ነበር። እኔው ራሴ ቤቷ ሄጄ "ስለ ገንዘብ ማንም አያነሳብሽም፣ ነይ እንጫወት" ብዬ ለምኜ አመጣኋት። ዕጣው ከጎበዟ ጋር ጣላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተሸነፈች። እኔ ውጤት ጽፌ ቀና ስል የተቀመጠችበት ቦታ ባዶ ነው። አቦሉ እንኳ ገና አልተቀዳም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት አላየናትም። ቤቷ ስሄድ እንዲህ አለችኝ፦ "እትዬ፣ በቁጠባው ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። በጨዋታውም መጀመሪያ የወጣሁት እኔው ነኝ። ታዲያ ምን ልሠራ ልቀመጥ?"

የምመልሰው አጣሁ። ሴቶችን ለማሰባሰብ ብዬ ያዘጋጀሁት ጨዋታ፣ መምጣት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋትን እህት ቀድሞ ወደ ቤቷ ሰደዳት።

በሁለተኛው ጊዜ አሠራሩን ለወጥኩ። 16ቱን ሴቶች በዕጣ በአራት ምድብ ከፈልናቸው፤ ሆን ብለንም ከየራስ አገዝ ቡድኑ አንዳንድ ሴት በየምድቡ እንድትገባ አደረግን። በምድቧ ውስጥ እያንዳንዷ ከሦስቱም ጋር ትጫወታለች። ተሸነፈች አሸነፈች ሦስት ጨዋታ አላት። ሁለቱ ሲወረውሩ ሦስተኛዋ ውጤት ትጽፋለች፣ አራተኛዋ ቀስቱ የተሰካበትን ቁጥር ታረጋግጣለች። ሥራ የሌላት ሴት የለችም። በየምድቡ 6 ጨዋታ፣ በድምሩ 24፤ ከዚያ የየምድቡ አንደኞች ሁለት የግማሽ ፍጻሜና አንድ የፍጻሜ ጨዋታ ያደርጋሉ። 27 ጨዋታ መሆኑ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሰው ያቆያል።

በትልልቁ ውድድር ከ501 ተነስተው እየቀነሱ ዜሮ ሲደርሱ ያበቃል፤ የመጨረሻው ቀስትም በጠባቡ የውጭ ቀለበት ወይም በመሐል ነጥቡ ላይ ማረፍ አለበት። ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው። እኛ ከ301 ጀመርን፤ ቀለበቱንም ተውነው፣ ግን በትክክል ዜሮ ላይ መድረስ ግዴታ ነው። ከቀረው በላይ የወረወረች ያ ተራዋ አይቆጠርላትም። እያንዳንዷ 10 ተራ ወርውራ ዜሮ ያልደረሰ ካለ፣ ያነሰ ቁጥር የቀራት ታሸንፋለች። በዚህ ደንብ አንድ ጨዋታ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

የጻፍኩላችሁን ትታችሁ እዩ ብዬ የማሳያችሁ አንዲት እናታችንን ነው። እንጀራ ይሸጣሉ፣ ፊደል አልቆጠሩም። "እኔ ምን ልሥራ?" ሲሉ ከጸሐፊዋ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ልጅቷ 34 ብላ ብዕሯን ሳታነሳ እርሳቸው "267 ቀራት" ይላሉ። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልተሳሳቱም።

ያቺ እህታችንስ? መጣች። ከሦስቱ ጨዋታ አንዱን አሸነፈች፣ ሁለቱን ተሸነፈች፣ ከምድቧም አላለፈችም። ግን እስከ መጨረሻው ቆየች፤ የፍጻሜውን ውጤት የጻፈችው እሷ ናት።

በቀጣዩ ረቡዕ አንዲት ወጣት አባላችን እጇን አውጥታ፣ "በዳርቱ የተሸነፈችው አልወጣችም። በቁጠባው ለምን ትወጣለች?" አለች። መተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ጊዜ ሳትቆጥብ የቀረች ስሟ ይሰረዛል ይል ነበር። ክርክሩ ሦስት ረቡዕ ፈጀ። "የሰው ገንዘብ ጨዋታ አይደለም" ያሉትም እውነት አላቸው። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው፦ ወደ ኋላ የቀረች እህት ስብሰባዋን አታቋርጥም፣ ውዝፏን በምትችለው ልክ ትከፍላለች፣ ከፍላ እስክትጨርስ ግን አዲስ ብድር አትወስድም። ስሟ አይሰረዝም።

ውድድር ለማዘጋጀት ለምታስቡ ቡድኖች ጥቂት ምክር ልጨምር። ሰሌዳ ስትገዙ ከቃጫ የተሠራውን ምረጡ፤ ቀስቱ ሲነቀል ቀዳዳው ራሱን ይደፍናል። ከርካሹ ሰሌዳ ቀስቱ እየወደቀ ሰው ያበሳጫል። የመሐል ነጥቡ ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። መወርወሪያው መስመር ከሰሌዳው ፊት 2 ሜትር ከ37 ነው፤ እኛ መጀመሪያ ከግድግዳው ለክተን ተሳስተናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከመሐል ነጥቡ እስከ መስመሩ የተዘረጋ ክር 2 ሜትር ከ93 መምጣት አለበት። ልጆች በሰሌዳው በኩል እንዳያልፉ በሁለቱም ጎን ገመድ ወጥሩ፣ ጠባቂም መድቡ። ቀኑን ስትመርጡ ሁዳዴንና ረመዳንን እዩ፤ የምንበላው አብረን ነውና።

ለጀማሪዎችም አንድ ምክር። ሁሉም ሰው 20ን ያነጣጥራል። የ20 ጎረቤቶች ግን 1 እና 5 ናቸው፤ ትንሽ የሳተች ባዶ እጇን ትቀራለች። ወደ ግራ 14ን ብታነጣጥሩ ጎረቤቶቹ 11 እና 9 ናቸው። ስታችሁም ታተርፋላችሁ።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተ ያለኝ ልመና አጭር ነው። ለአሸናፊዋ ትልቅ ሽልማት አንጠይቅም፤ ለአንደኛዋ ጀበና ከነስኒው በቂያችን ነው። ያሉን ሁለት ሰሌዳዎች ናቸው። በሁለት ሰሌዳ የምድቡ 24 ጨዋታ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ቢጨመሩልን በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል፤ ወይም በዚያው በሦስት ሰዓት 32 ሴቶች ይጫወታሉ። ዘንድሮ ቦታ የለም ተብለው የተመለሱ እህቶች አሉ። በዳርት ማንም እንዳይወጣ ብለን በር ላይ ሰው መመለስ አልተመቸኝም።

  ቡናው ቀርቧል፤ እባካችሁ ሳይቀዳ ማንም እንዳይሄድ።